ያልተነበበው የቶሌሳ ታሪክ

ፍቅረ ሥላሴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሟች ጓደኛውን ኮምፒውተር በገዛ እጁ ገደለው። የሚያሳብብበት ሰው እንኳ የለም። ውሃ አልፈሰሰበትም፣ ከጠረጴዛ አልወደቀም፣ ሌላ ሰው አልነካካውም። እሱ ራሱ ነው። ስዊድን አገር፣ ኖርስቦሪ ባለው ቤቱ ኩሽና ውስጥ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን ሳያስር፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ነው የገደለው።

ነገሩ የጀመረው ከፕሪንተሩ ነው። በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን የሟቹን የቶሌሳን የሕይወት ታሪክ በወረቀት አውጥቶ ሊሄድ ፈለገ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፕሪንተሩን አላውቀውም አለ። ፍቅረ ሥላሴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሶደርተልየ ከተማ፣ የከባድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እምቢ ያለ ነገር ሲያጋጥመው ፈትቶ መልሶ መግጠም ነው የሚያውቀው። ስልኩ ላይ ፈልጎ አንድ የማያውቀው ሰው የጻፈውን መመሪያ አገኘ፤ የድሮውን የፕሪንተር ፕሮግራም አጥፋና እንደገና ጫን ይላል። ትእዛዟን ገለበጣት። ማሽኑ ይሄም ይጠፋል፣ ያም ይጠፋል የሚል የማያልቅ ዝርዝር አወጣበት። ቀጠለና በስዊድንኛ አስጠነቀቀው፦ ልታደርገው ያሰብከው አደገኛ ነገር ነው፣ የምርህን ከሆነ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጻፍ፤ «አዎ፣ እንዳልኩህ አድርግ!»

ጻፋታ! ሰውዬው ስዊድን ከገባ ጀምሮ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚላክለትን ፎርም ሁሉ እንዲሁ ነው የሞላው። ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? ፈርም የተባለበትን ቦታ ፈልጎ ይፈርማል፣ ይልካል፣ ይገላገላል። እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም። ዛሬ ግን ሆነ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ሥዕሉ የለም፣ መስኮቱ የለም፣ በማውስ የሚነካ ነገር የለም። ከላይ እስከ ታች ጥቁር፤ ጥጉ ላይ ስምህን ጻፍ የምትል አንዲት ነጭ መስመር ብቻ።

«ወይኔ ፍቅሬ!» አለ፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ። «ወይኔ ጉዴ!»

ቶሌሳ የሚቀበረው ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ነው የተጠበቀው፤ እዚህ አገር ሬሳም ወረፋ ይይዛል። ቬሊንግቢ አካባቢ ባለው የመቃብር ጸሎት ቤት ካህናቱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ፣ ሳጥኑ ፊት ቆሞ የሕይወት ታሪኩን የሚያነበው ፍቅረ ሥላሴ ነው። ይሄ ደግሞ ማንም ተነሥቶ የሚጽፈው ታሪክ አይደለም። ቶሌሳ ራሱ ነው የጻፈው። «እናንተን ካመንኳችሁ መልአክ አድርጋችሁ ነው የምትቀብሩኝ» ይል ነበር። ሌላ ኮፒ የለውም። ቶሌሳ ሰው የጣለውን ኮምፒውተር ሁሉ እየሰበሰበ፣ ሊነክስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ሲስተም እየጫነ ለአዲስ መጤዎች የሚያድል ሰው ነበር። የራሱንም ማንም እንዳይከፍተው ቆልፎት፣ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ የሰጠው ለፍቅረ ሥላሴ ብቻ ነው።

ቶሌሳ ለፍቅረ ሥላሴ ምኑ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው መናገር ይከብዳል። ወንድሙን የቀበረለት ሰው ነው። ያኔ ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ፍቅረ ሥላሴ ቀድሞ ወጣ፤ ታናሽ ወንድሙ አቡሽ ከቶሌሳ ጋር ከኋላ ይከተል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ገዳሪፍ የደረሰው ግን ቶሌሳ ብቻውን ነው። ልጁ በትኩሳት እጁ ላይ እንዳረፈ፣ በገዛ እጁ አፈር እንዳለበሰው እያለቀሰ ነገረው። ከዚያን ቀን ወዲያ ፍቅረ ሥላሴ ለቶሌሳ እምቢ ብሎት አያውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ አለው፤ እሱንም በአፉ አላለውም። ከሦስት ወር በፊት ቶሌሳ ሆስፒታል ተኝቶ ኮምፒውተሩን ሰጠውና «አንብበውና ና፤ የሚሰማህን ትነግረኛለህ» አለው። ፍቅረ ሥላሴ ወሰደው፤ አልከፈተውም። እንዴት ብሎ ይክፈተው! ቁጭ ብሎ ከሚያወራ ሰው የሕይወት ታሪክ ይነበባል? ሟርት ነው። ሲነበብ የሚያውቀው ሰዉ ቆሞ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ነው። ባነበው የምገድለው እኔ ነኝ ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። ቶሌሳ «አነበብከው?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎ» አለ። «ታዲያስ?» ሲለው «ቆንጆ ነው» አለ። ቶሌሳ ትክ ብሎ አየውና «ሌላ የምትለኝ የለም?» አለው። «ምን እላለሁ፣ ቆንጆ ነው አልኩህ እኮ!» ቶሌሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፍቅረ ሥላሴም ደክሞት ነው ብሎ ብርድ ልብሱን አልብሶት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ውሸት አንጀቱን ስትበላው ከረመች። ያጽናናው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ በሕይወቱ ባላነብለት በቀብሩ ላይ ቃል ሳላጓድል አነብለታለሁ ይል ነበር። ትናንትም ፋይሉን ሊከፍት ተቀምጦ፣ ጠዋት በወረቀት ላይ አነበዋለሁ ብሎ አሳደረው።

የቶሌሳን ስምና የይለፍ ቃሉን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፈ። ገባለት። ስልኩን አጠገቡ አቁሞ እያየ፣ ፋይሎቹን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ሞከረ። አለ! ፋይሉ አለ፤ አልጠፋም። ግን ስሙ አይነበብም፤ በአማርኛ ፊደል ፈንታ የተደረደሩ ነጫጭ ሳጥኖች ናቸው። ከብዙ መንደፋደፍ በኋላ ውስጡን አስወጣው። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን! ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በሳጥን ተሞልቶ ሽቅብ ይሮጣል። ያ ጥቁር ስክሪን የላቲን ፊደል እንጂ የኛን አያውቅም። የት ቦታ ዓረፍተ ነገር እንዳለቀ ክፍተቱን አይቶ መገመት ይችላል፤ ቶሌሳ ምን እንዳለ ግን አንዲት ቃል አይወጣለትም። እንባው መጣ።

እዚህ ላይ ማንም ልብ ያለው ሰው ስልክ ያነሳል። ሔዋን፣ የቶሌሳ ልጅ፣ ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። ፍቅረ ሥላሴ ግን ይሉኝታ ገደለው። አባቷን በምትቀብርበት ቀን ደውዬ፣ የአባትሽን ጽሑፍ አበላሸሁት ልበላት? ሦስት ወር አስቀምጠኸው ምን ስትሠራ ነበር ብትለኝስ? ይልቅ ራሱ ይታገላል። እናም ታገለ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። ከስልኩ ትእዛዝ ይገለብጣል፣ ማሽኑ አይገባኝም ይለዋል። ሌላ ይገለብጣል፣ ኢንተርኔት የለም ይለዋል። ዋይፋዩን የሚያገናኘውም ነገር አብሮ ተነቅሎ ኖሯል። ደግ አደረገ፣ እንዳልኩህ አድርግ ያለው እሱ ነው!

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ብርቅአየሁ ናት፣ የቶሌሳ ባለቤት።

«ፍቅሬ፣ እንዴት አደርክ? ኧረ እንዲያው ልብህ ይችልልህ ይሆን? ካልቻልክ ለሌላ ሰው ስጠው፤ እኔ አልቀየምህም።»

«ኧረ በፍጹም ብርቄ! ሁሉም ዝግጁ ነው።»

«አልጋው ላይ ሆኖ ሌሊት ሌሊት ሲጽፍ አየው ነበር። አሳየኝ ስለው መጀመሪያ ፍቅሬ ይየው አለኝ። እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ሁለተኛ ውሸት! አሁንስ አፈር በበላሁ አለ። ይሉኝታው በዚህ ተሰበረ፤ ሔዋን ጋ ደወለ።

ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። አልጮኸችም።

«ጋሼ፣ ተረጋጉ። ኮምፒውተሩ አልሞተም። የጠፋው ዴስክቶፑ ነው፤ ሥዕሉ፣ መስኮቱ፣ የሚታየው ነገር ሁሉ ማለት ነው። ከሥር ያለው ደህና ነው። እንደገና እንጭነዋለን።»

«ፋይሉን ብቻ መላክ አይቻልም? ወይ በፍላሽ?»

«ፍላሽ አለዎት?»

የለውም።

«እንግዲያው ይጫን። በትእዛዝ ልላክ ብንል አንድ ፊደል ስተው ሌላ ነገር እንዳይጠፋ እፈራለሁ። ስልክዎን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙት፤ ኢንተርኔቱን ከስልኩ ይወስዳል።»

እሷ አበባ ልትቀበል መኪና ውስጥ ሆና ፊደል በፊደል ትነግረዋለች፤ እሱ ይጽፋል። አንዴ ክፍተት ይረሳል፣ አንዴ ትንሹን ሰረዝ በረጅሙ ይለውጣል። «ጋሼ፣ ክፍተት አደረጉ?» «አደረግኩ ልጄ።» «እርግጠኛ ነዎት?» አላደረገም። ላብ አጠመቀው። ኢንተርኔቱን ለማግኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ትልቁን ትእዛዝ ጻፈ፤ ማሽኑ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀው። ፍቅረ ሥላሴ በዚህ ጊዜ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ለሔዋን አነበበላት፤ ስምንት መቶ ምናምን እቃ ነው። «ጋሼ፣ ይበቃል፣ ይበቃል!» እስክትለው ድረስ።

መቶኛው መቁጠር ጀመረ። አራት። ሰባት። አሥራ አንድ። የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይኑን ሳይነቅል አፈጠጠበት። ሠላሳ ሁለት ላይ ቆመ። አምስት ደቂቃ ቆመ። «በሥላሴ ስም! በስምህ እየጠራኸኝ አትጫወትብኝ!» ብሎ ማንን እንደሆነ እንጃ ተቆጣ። ሠላሳ ሦስት አለ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስድሳ አራት ላይ ነው። ከኖርስቦሪ ቬሊንግቢ በቱነልባና፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቢቆይ አይደርስም። ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ፣ ስልኩን በገመዱ እንዳንጠለጠለ አቅፎ ወጣ። ከረባቱን አልቋጠረውም።

ባቡሩ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሴትዮ ጥቁር ሱፉን አየች፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚሮጠውን ነጭ ጽሑፍ አየች፣ ተነሥታ ሌላ ወንበር ላይ ሄደች። ትሂድ። ባትሪው አርባ ሁለት በመቶ ነው። ዋሻ በገቡ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቆረጣል፤ ያኔ የእሱም ትንፋሽ ይቆረጣል። መሀል ከተማ፣ ቲ ሴንትራለን ጣቢያ ወርዶ ወደ አረንጓዴው መስመር ሲሮጥ ገመዱ በሰው ቦርሳ ተያዘ፤ ሊነቀል ሲል በጥርሱ ያዘው። ሰው ይስቃል። እሱ እንኳን ሳቃቸውን ራሳቸውንም አላያቸውም።

መንገዱ ሲጋመስ መጫኑ አለቀ። ሔዋን እንደነገረችው አጥፍቶ አስነሣው። ስክሪኑ ጨለመ፤ ልቡም አብሮ ጨለመ። ከዚያ ብርሃን መጣ! ሰማያዊ ስክሪን፣ የቶሌሳ ስም፣ የይለፍ ቃል መጻፊያ። የሚነካ ነገር፣ የሚከፈት መስኮት! «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ብሎ ጮኸ። ፋይሉን ሁለቴ ነካው። ተከፈተ።

ሳጥን።

ገጹ ነጭ ነው፣ መስመሩ የተስተካከለ ነው፤ ፊደሉ ግን ያው ሳጥን ነው። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። አሁን ነው የምር ቅስሙ የተሰበረው፤ ጠዋት አልነበረም። ሔዋን ጋ ደወለ። እሷ ጸሎት ቤቱ ደርሳለች፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ጋሼ፣ የግዕዝ ፊደሉ አብሮ አልተጫነም ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ናት የቀረችው። ስድስት ሰዓት ከአርባ ነው፤ እንደርሳለን። ይጻፉ።»

ጻፈ። ቬሊንግቢ ሲወርድ ፊደሉ ገና እየተጫነ ነበር፤ መድረኩ ላይ ቆሞ ኮምፒውተሩን የቆሻሻ መጣያ ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ፋይሉን ዘግቶ ከፈተው። «እኔ ቶሌሳ» ይላል። እኔ ቶሌሳ! ሌላውን ለማንበብ ጊዜ የለም። ሰባት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ነው፤ ባትሪው ደግሞ አሥራ አራት ነው። ኮምፒውተሩን ዘግቶ፣ በዚያ በስልሳ አምስት ዓመቱ ሮጠ።

ሲገባ ጸሎቱ ተጀምሯል። ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ ነጠላ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ። በጸሎት መሀል ኮምፒውተር አይከፈትም፤ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። ብርቅአየሁ ዞር ብላ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀችለት። ጸሎቱ ሲያበቃ ስሙ ተጠራ። ሳጥኑ አጠገብ ካለው አትሮንስ ላይ ኮምፒውተሩን አስቀምጦ ከፈተ።

«እኔ ቶሌሳ» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጠንካራ ነበር። «አምቦ አጠገብ ተወለድኩ። በትምህርቴ ጎበዝ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማርኩት።» ሰዉ ከእንባው መሀል ፈገግ አለ። «ብርቅአየሁ ስለወደደችኝ አይደለም ያገባችኝ፤ እምቢ ማለት ስለሰለቻት ነው።» ብርቅአየሁ በነጠላዋ አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም። ፍቅረ ሥላሴ ደስ አለው። ይኸው እያነበበለት ነው። ቃል ሳያጓድል!

ገጹን ወደ ታች አወረደው። ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ ሄደ፤ አቡሽ የሚል ስም አየ። አፉ ቆመ።

«ለፍቅረ ሥላሴ አቡሽ በትኩሳት እጄ ላይ ሞተ፣ በእጄ ቀበርኩት ብዬ ነግሬዋለሁ። አቡሽ ሲሞት አላየሁም። መተማን ባለፍን በሦስተኛው ቀን መራመድ አቃተው። መንገድ መሪው ከቆምን ሁላችንም እንያዛለን አለ። ኮዳዬን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ዛፍ ሥር አስደግፌ፣ እመለሳለሁ አልኩት። እየተጣራ ነበር። ቶሌሳ፣ ቶሌሳ እያለ ሲጣራ ጉብታውን ተሻግሬም ይሰማኝ ነበር። አልተመለስኩም።»

ይህን ያነበበው በዓይኑ ብቻ ነው። ሰዉ ልቅሶ የያዘው መስሎት አብሮት ያለቅሳል። አትሮንሱን ጨብጦ ቆመ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው! አርባ ዓመት ሙሉ ወንድሙን የቀበረለትን ሰው እጅ ሲስም ኖሯል። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ።

«ፍቅሬ፣ ይህን አንብበህ ስደበኝ። ከፈለግህ ምታኝ። ይቅር ካልከኝም በለኝ። አንድ ነገር በለኝ ብቻ፤ ዝም ብለህ አትተወኝ።»

በዚህ መሀል ስክሪኑ ላይ ባትሪው ሊያልቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። ኮምፒውተሩ ጠፋብኝ ቢል ማን ይጠይቀዋል? ዘግቶ፣ ነፍሱን ይማር ብሎ፣ ወደ ቦታው ቢመለስ ማንም አያውቅም። ብርቅአየሁም አታውቅም፤ ባሏን እንደምታውቀው ትቀብረዋለች። እጁን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ቶሌሳ ግን መልአክ አድርጋችሁ አትቅበሩኝ ያለ ሰው ነው። እጁን አነሣና ከአቡሽ ስም ጀምሮ፣ ጮክ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይዘል አነበበው። ሔዋን ስዊድንኛዋን ትታ «አባዬ!» ስትል ሰማ። ብርቅአየሁ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ፍቅረ ሥላሴ የመጨረሻዋን መስመርም አነበበ፤ ስሙ የተጠራባትን።

ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞረ።

«አላነበብኩትም ነበር» አለው። «ቶሌሳ፣ ትሰማኛለህ? ቆንጆ ነው ያልኩህ ሳላነበው ነው!»

አንድ ካህን ቀረብ ብለው ትከሻውን ያዙት። «ይበቃዎታል ወንድሜ፣ ይቀመጡ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

አልተቀመጠም። የካህኑን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ ነበር።

«አባ፣ ይሄ ሰው መልስ ጠይቆኝ ነው የሞተው» አለ። «አሁን ለማን ልመልስ?»